ቀጤማ ሳር አይደለም ያልኩ ዕለት

ሰው ሁሉ ሙያው የሚያስከብረው ቀን አለው። አውቶብስ ውስጥ ሰው ራሱን ሲስት ሐኪም ይፈለጋል፤ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም መካኒክ ይለመናል፤ ልጅ ፈተና ሲወድቅ እንኳ አስተማሪ ይታወሳል። እኔ ግን የሳር ሰው ነኝ። በዚህች አገር ላይ ሳር ታምሞ፣ ሳር ጠፍቶ፣ ሳር ተጣልቶ «የሳር ባለሙያ ያለህ» ተብሎ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ደብረ ማርቆስ ሆና «ልጅሽ ጅማ ምን ይማራል?» ስትባል «ሳይንስ» ትልና ቶሎ ወሬ ትቀይራለች። አንድ ጊዜ እውነቱን ተናግራ ጎረቤቷ በሐዘኔታ «ውይ፣ ሥራ ጠፍቶ ነው?» ብላታለች።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ ላለማወቃችሁ አልፈርድባችሁም። ድሮ ሳር የሚመደበው በመልኩ ነበር። ሊቃውንቱ አበባውን አይተው፣ ቅጠሉን ለክተው «ይሄ የዚያ ወንድም ነው» ይላሉ። መልክ ደግሞ ያሳስታል፤ እኔ ራሴ አጎቴን ቁርጥ ስለምመስል ሰፈሩ ስንት ዓመት ተንሾካሹኳል። አሁን ቅጠሉ ይወቀጥና ዲ ኤን ኤው ይወጣል። ዲ ኤን ኤ ማለት በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የተጻፈ የዘር ሐረግ ነው በሉት። የአንዱን ከሌላው እያስተያየን ማን ከማን እንደሚወለድ፣ ማን ከማን ቀድሞ እንደተለየ እናወጣለን።

የሚወጣው ጉድ ነው። ጤፍ ከስንዴ ይልቅ ለሰርዶ ትቀርባለች። ያ መንደሩ ሁሉ የሚረግጠው፣ አህያ የምትግጠው ሰርዶ የእንጀራችን የአክስት ልጅ ነው። ቀርከሃ ሳር ነው፤ ያውም ከበቆሎ ይልቅ የስንዴ የቅርብ ዘመድ። ሸንኮራና ማሽላ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቀጤማ ግን፣ ስሙን ስሰማ አሁንም ላብ የሚያጠምቀኝ ቀጤማ፣ ሳር መስሎ ሳር ያልሆነ ጎረቤት ነው። ይህን ሁሉ አንዴ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ስነግረው ሰውየው ከመውረጃው በፊት ወረደ።

የምኖረው ጅማ፣ በቾ ቦሬ በሚባል ሰፈር ነው፤ ሐጂ ነስሩ ግቢ ተከራይቼ። ሐጂ ነስሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ የነገዱ፣ አሁን ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው መስጊድና ቤት የሚመላለሱ ሰው ናቸው። ገና ማስትሬቴን ሳልጨርስ «ዶክተር» ይሉኛል። ላማቸው ስታስል እኔን ይጠራሉ፤ ሳሉን ሳይሆን ሳሩን ነው የማውቀው ብል አልሰሙኝም። የመጨረሻ ልጃቸው ራህማ ሰፈሩ ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ምላሷ ስለት ነው፤ በልብ ደግነት ግን እንደሷ የሚሆን የለም። ታምሜ የወደቅኩ ጊዜ መድኃኒቱንም ስድቡንም በሰዓቱ ያመጣችልኝ እሷ ናት። ያን ሰሞን ልታገባ ነበር፤ እጮኛዋ የአጋሮ ልጅ ነው።

ችግሩ አንድ ነው። ሐጂ ነስሩ አጋሮ ቡና የሚያለሙ አባ ፎጊ የሚባሉ ታናሽ ወንድም አሏቸው፤ ሁለቱ ከተኳረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። የተጣሉት በዋንዛ ነው። ዋንዛው ከአባታቸው በወረሱት የቡና መሬት ድንበር ላይ ቆሟል። እንቁረጠው ያለ የለም። ሁለቱም የፈለጉት ጥላውን ነው፤ ቡና ጥላ ይወዳላ። የሙሽራው ወገኖች ደግሞ ቁርጥ አድርገው ነገሩ፤ ወንድም ከወንድሙ ተኳርፎ የተቀመጠበት ቤት ሚዜ አንልክም፣ አጎትየው ያልመረቃት ልጅም አንወስድም አሉ። ድንኳን ተከራይቶ፣ በሬ ተገዝቶ፣ የራህማ ሠርግ በአንድ ዋንዛ ጥላ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በመጨረሻ ሐጂ ነስሩ ቤት ሽማግሌ ተቀመጠ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሼህ ቃሲም ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዳምጡ፣ ተኝተዋል ሲባል ፍርድ የሚሰጡ አዛውንት ናቸው። ረጅም ጊዜ ጨፍነው ቆዩና ፈረዱ። የጠዋቱ ጥላ ወደ ምዕራብ ስለሚወድቅ የአባ ፎጊ፣ የከሰዓቱ ጥላ ወደ ምሥራቅ ስለሚወድቅ የሐጂ ነስሩ ይሁን። እኩለ ቀን ላይ ዋንዛው ለራሱ ይረፍ አሉ። አባ ፎጊ የከሰዓት ጥላ ይበልጣል ብለው ትንሽ አጉረመረሙ፤ ግን ተቀበሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እያየሁ እንባዬ መጣ።

የቀረው ምርቃቱ ነው። በጅማና በአካባቢዋ እርቅ ያለ እርጥብ ሳር አይሆንም። የተጣላም ያስታረቀም እርጥብ ሳር ይይዛል፤ ሳሩ እንደለመለመ ልባችሁ ይለምልም ተብሎ ይመረቃል። ደረቅ ይዞ መታረቅ ነውር ነው። ወሩ ጥር ነው። የሐጂ ነስሩ ግቢ ኮብልስቶን ከተነጠፈበት ቆይቷል፤ ከአጥር ውጭ ያለው ሰርዶም እንደ ሽቦ ደርቋል። ስለዚህ ሐጂ ማልደው ከቦዬ ረግረግ አንድ እቅፍ ለምለም ነገር አሳጭደው አስመጥተዋል። ለሽማግሌዎቹ ታደለ፤ ለወንድማማቾቹ ታደለ። «ዶክተርም የቤቱ ልጅ ነው» ተብሎ ለኔም አንድ ዘለላ ተሰጠኝ። እስኪ አሁን ይህን ክብር ተቀብሎ ዝም ማለት ምን ይከብዳል?

ሼህ ቃሲም ዓይናቸውን ገልጠው ወደኔ ዞሩና፣ አንተ በሳር የተማርክ ሰው ነህ፣ ስለ ሳር አንድ ደግ ቃል ተናገርና እንመርቅ አሉኝ። የፈለጉት አንድ ቃል ነበር፤ «ያለምልማችሁ» ብል ይበቃ ነበር። ወገኖቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ሳር ተናገር ያለኝ ሰው የለም። ብድግ አልኩ። ከጤፍ ጀመርኩ። ሰርዶና ጤፍ የሥጋ ዘመድ ናቸው ስል ሽማግሌዎቹ «ማሻአላህ» አሉ። ማሻአላህ ሲሉ ጊዜ ቀርከሃን ጨመርኩ፤ ሸንኮራን አመጣሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄኔ ነው።

እየተናገርኩ ሳለ ጣቶቼ፣ ሥራ የለመዱ እርጉሞች፣ የያዝኩትን አገዳ ያንከባልላሉ። የሳር አገዳ ክብ ነው፤ ቋጠሮም አለው። ጣቴ ላይ ያለው ግን ቋጠሮ የለውም፤ ሲንከባለልም ሦስት ጠርዝ ይቆጠራል።

«ለምሳሌ ይሄ አሁን የያዝነው» አልኩ ፈገግ ብዬ፣ «ሳር አይደለም። ቀጤማ ነው።»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የኔ እስከ ማጅራቴ ድረስ ታየ። እስከዚያ ድረስ ጫማቸውን ሲያዩ የነበሩት አባ ፎጊ ቀና አሉ። ሳይንስን እንደዚያ ቀን በፍቅር ያዳመጠ ሰው አይቼ አላውቅም። የያዙትን ዘለላ ከፍ አድርገው ተመለከቱና «ኩን መርገ ሚቲ?» አሉ በኦሮምኛ፤ ይሄ ሳር አይደለም? እኔም ሞኙ፣ አዎ አይደለም አልኩ። ዘለላውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት። «ሳር ካልያዝን አልታረቅንም» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልነግራችሁ ደስ ይለኛል። ሐጂ ነስሩ ቱግ አሉ፤ ሳር ነው፣ በዓይኔ እያየሁ ነው የታጨደው፣ ወንድሜ ሰበብ ፈልጎ ነው አሉ። አባ ፎጊ የተማረው ሰው ራሱ ሳር አይደለም ብሏል አሉ። እኔ ላበርድ ብዬ፣ ቀጤማ የሳር ሩቅ ዘመድ ነው፣ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው የተለያዩት ብል፣ ሼህ ቃሲም ዘመዳሞቹ እስከ ዛሬ ካልታረቁ ለእርቅ አይሆኑም አሉ። ጨነቀኝ። ሲጨንቀኝ ደግሞ አፌ ይፈጥናል። በመልክ አትዩት፣ ዲ ኤን ኤው ይመሰክራል አልኩ።

ሼህ ቃሲም ከሁሉ መካከል «ይመሰክራል» የምትለዋን ያዙ። ምስክር ካለ መስማት ግድ ነው፣ ወንድማማቾቹ ራሳቸው ሄደው ቃሉን ይስሙ፣ እስከዚያ እርቁ ቆሟል ብለው ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። ራህማ በጓዳው በር ሆና አየችኝ። ምነው በሰደበችኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ኪቶ ፉርዲሳ ሄድን፤ የምማርበት ግቢና ቤተ ሙከራው ያለው እዚያ ነው። ባጃጁ ኋላ ላይ ሐጂ ነስሩ በግራ፣ አባ ፎጊ በቀኝ፣ እኔ መሐል፤ ተከሳሹ ቀጤማ በፌስታል ሆኖ ጭኔ ላይ። ወንድማማቾቹ ቀጥታ አይነጋገሩም። ሐጂ ሰውየውን ክንድህን ሰብስብ በልልኝ ይሉኛል፤ እላለሁ። አባ ፎጊ ለሰውየው ባጃጁ የሱ እንዳልሆነ ንገርልኝ ይላሉ፤ እነግራለሁ። ሁለቱም የተባባሉትን ጥርት አድርገው ይሰማሉ፤ ግን እኔ ካልደገምኩት አይመልሱም። የባጃጁ ልጅ በመስታወት ሲያየኝ አስተርጓሚ መስዬው ነው መሰለኝ፣ ስንወርድ ሽማግሌዎቹ ከየት አገር እንደመጡ ጠየቀኝ።

ቤተ ሙከራ ሲገባ ነጭ ጋውን ይለበሳል፤ አለበስኳቸው። አባ ፎጊ በጋውን እንዴት እንዳማረባቸው ብታዩ። ኮሪደር ላይ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች «ደህና አደሩ ዶክተር» ብለው ሰገዱላቸው፤ እሳቸውም ደህና አደራችሁ፣ በርቱ ብለው አለፉ። እኔን ማንም ሰላም አላለኝም።

ቅጠሉን አቀዝቅዞ እንደ ብስኩት የሚያሰባብረው ጋዝ ካለቀ ሰንብቷል፤ ይመጣል ሲባል እኔም እጄን አጣጥፌ እየጠበቅኩት ነበር። ስለዚህ ያለው አማራጭ ክንድ ነው። ቀጤማውን ቆራርጬ ሙቀጫ ውስጥ ጨመርኩና መውቀጥ ጀመርኩ። ቀጤማ ጭረታም ነው፣ አይደቅም። ሐጂ ትንሽ አዩኝና ዘነዘናውን ነጠቁኝ። አባ ፎጊ ደግሞ በኔ በኩል፣ ጨርቅ ነጋዴ መውቀጥ አያውቅም በለው አሉና ከወንድማቸው ተቀበሉ። እንዲህ እየተሰዳደቡ፣ እየተቀባበሉ፣ ቀጤማውን ድቅቅ አደረጉት። ከዚያ እኔ በጨውና በሳሙና ውኃ አሸሁት፣ አጠለልኩት፤ በላዩ ላይ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ አልኮል ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ። ትንሽ ቆይቶ ከብልቃጡ መሐል ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ክር እየተጎተተ ወጣ።

ይሄው ዲ ኤን ኤው አልኩ። ሁለቱም ጎንበስ አሉ፤ ግንባራቸው ሊገጣጠም ትንሽ ቀረው። አምላኬ፣ በሳይንስ ሊታረቁ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ሐጂ ነስሩ አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አልኮል ነው፣ ያለሱ አይወጣም አልኩ።

አባ ፎጊ ቀና አሉ። «የሰከረ ምስክር ቃሉ አይያዝም» አሉ።

ሐጂ ነስሩ ጢማቸውን አሻሹ። ወዲያና ወዲህ አሰቡ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ንገረው፣ በዚህስ እውነቱን ነው በለው አሉኝ። ነገርኩ። ከዋንዛው ወዲህ ወንድማማቾቹ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር የኔ ምስክር ሰካራም መሆኑ ነው። እሺ፣ ቢሰክርም ቃሉን እንስማ፣ መቼ ነው የሚናገረው ሲሉኝ የባሰው መጣ። ፊደሉን የሚያነበው ማሽን እዚህ የለም፤ ብልቃጡ ታሽጎ ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ መልሱ መቼ እንደሚመጣ አላህ ያውቃል አልኩ። ሐጂ ነስሩ ወደ ጣራው እያዩ፣ ሰክሮ ውጭ አገር የሚሄድ ምስክር ሰምቼ አላውቅም አሉ።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ፤ ራህማ ናት። ስልኬ ከወደቀ ወዲህ ድምፁን መቀነስ አይቻልም፤ ሰፈር ያሰማል። የአጋሮ ሽማግሌዎች ደውለው ዛሬ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ቁርጡን ካልነገራችሁን ነገሩ ቀርቷል ብለው እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ «አንተ ሳርን ከቀጤማ ስትለይ እኔን ከእጮኛዬ ልትለየኝ ነው?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ስድብ የለም፤ እልህም የለም። ያቺ መድኃኒት ይዛ ራሴ ላይ ቆማ «አሁኑኑ ዋጥ» ስትለኝ የነበረች ልጅ ለቅሶዋን እየዋጠች ነበር። ስልኩን ዘጋች። አንጀቴን በላችው።

ሐጂ ነስሩ ወለሉን ያያሉ። አባ ፎጊ ፊታቸው እንዳይታይ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ልጅቷ ምን አጠፋች ሲሉ ለመስታወቱ ሲናገሩ ሰማኋቸው። እዚያው ቆመው ቀሩ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ ያ አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው ብለው ጠየቁ።

አረንጓዴው ነገር የኔ ሕይወት ነው። ከቤተ ሙከራው ጀርባ በሽቦ ያጠርኳት ጠባብ መደብ አለችኝ። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ፣ ከሰርቦ፣ የቡና ከተማ የተባለውን ሁሉ ዞሬ፣ በየመንገዱ ዳር ተንበርክኬ የሰበሰብኩት ሰርዶ እዚያ ተተክሏል። የየትኛው ከተማ ሰርዶ ለየትኛው ይቀርባል የሚለውን በዲ ኤን ኤ አውጥቼ ልመረቅበት ነው። እያንዳንዱ አጠገብ የመጣበት የተጻፈበት ትንሽ የፕላስቲክ ምልክት ቆሞለታል። ጋዙ እስኪመጣ አንዳቸውንም ገና አልወቀጥኩም። አገሩ ሁሉ በጥር ፀሐይ ሲነድ እኔ ጠዋትና ማታ በባልዲ ሳጠጣ ስለኖርኩ፣ በዚያን ቀን በጅማ ምድር የለመለመ ሰርዶ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። አማካሪዬ ሲያልፍ የመመረቂያህ ነፍስ እዚህች አጥር ውስጥ ናት ይለኛል።

የምርምር ነው አልኩ። ሐጂ ነስሩም መጥተው መስኮቱ ላይ ቆሙ። ሁለቱም መደቧን አዩዋት፤ ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ።

«ዶክተር» አሉ ሐጂ ነስሩ፣ «ይሄስ? ይሄ ሳር ነው?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። «ቀጤማ ነው» ብል ያምኑኛል። ከትናንት ወዲህ በጅማ ምድር ሳርን ሳር የማድረግና ያለማድረግ ሥልጣን የኔ ሆኗል፤ የሚከራከረኝ የለም። አንድ ቃል ውሸት፣ መደቧ ትተርፋለች፤ እመረቃለሁ፤ እናቴም ሳይንስ ማለቷን ትቀጥላለች። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችውን አህያ ሰው ሁሉ ይስቅባታል። እኔ ግን ያን ሰዓት አልሳቅኩባትም፤ እህቴ መሰለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ትናንት ሳይጠሩት የፈጠነ አፍ ዛሬ ተጠርቶ እምቢ አለ። የራህማ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው።

«ሳር ነው» አልኩ። «ሰርዶ ነው። ምስክር አያስፈልገውም።»

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል፤ ሲታረቁም እንደዚያው ነው። ከነጋውናቸው ወጡ። ሽቦውን ሐጂ ዝቅ አደረጉት፣ አባ ፎጊ ተሻገሩ፤ ከዚያ አባ ፎጊ እጃቸውን ሰጥተው ወንድማቸውን አሻገሩ። እኔ አሁንም በልቤ ጥቂት ዘለላ ቢወስዱ ነው ብዬ አስባለሁ። የረሳሁት ነገር የቡና ሰው ሰርዶ አያጭድም። ሰርዶ የቡና ጠላት ነው፤ የቡና ሰው ሰርዶ ካየ ሥሩን ተከትሎ፣ አንዲት ክር ሳያስቀር ይነቅላል። አባ ፎጊ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጋውናቸውን ጠቅልለው በርከክ አሉና እጃቸው የለመደውን ሥራ ጀመረ። ሐጂ ትንሽ ይበቃል ብለው ነበር፤ አባ ፎጊ የኛ ሽማግሌ አለ፣ የአጋሮ ሽማግሌ አለ፣ ሚዜው አለ፣ ለማን ይጎድላል አሉ። ቀጥታ ነው የመለሱላቸው፤ በኔ በኩል አይደለም። እኔ ከሽቦው ውጭ ቆሜ ነበር፤ የሚያስተረጉመኝ አልነበረም።

ሐጂ ነስሩ ስልክ አወጡ። ራህማ ስታነሳ ምንም ሰላምታ ሳይሰጡ፣ አጎትሽ እዚህ ሳር እየነቀለ ነው፣ ለአጋሮ ሰዎች ደውይና ሠርጉ አለ በያቸው አሏት። ከወዲያ በኩል እልልታ ተሰማ። አባ ፎጊ ሳይነሱ ሳቁ። ሐጂ አጠገባቸው ቁጭ አሉና የተነቀለውን መቀበል ጀመሩ፤ የሊሙን ከጌራ፣ የጌራን ከሰርቦ አደባልቀው አንድ ትልቅ እቅፍ አድርገው አሰሩት። እቅፉ ሲያምር፣ ሲለመልም፣ ሲያሳዝን። ለራህማ ደስ አለኝ፤ ለራሴ አለቀስኩ። ሁለቱንም አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ አፍንጫ ላይ ብቻ ትንሽ ያስቸግራል።

መደቧ ባዶ አፈር ስትሆን አባ ፎጊ ተነሱ፤ ጉልበታቸውን አራገፉ። ወንድማቸው እቅፉን ተሸክመው ወደ ባጃጁ ሲያመሩ እሳቸው ወደኔ መጡ። እጃቸው ላይ አንድ ጭብጥ ሙሉ የፕላስቲክ ቁራጭ ይዘዋል፤ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጌራ የሚሉት የኔ ምልክቶች፣ አንድ ሳይቀሩ፣ ከየቦታቸው ተነቅለው። አፈሩን እንኳ ጠርገውላቸዋል። እጄን ዘርግተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና ጣቶቼን በላያቸው አጠፉልኝ።

«ልጄ» አሉኝ በፍቅር፣ «ቆሻሻውን ለቅመንልሃል።»

አመሰገንኳቸው።